ከጠቆረ በኋላ

ሰውየውን ከጋኑ ውስጥ በገመድ ጎትተው ያወጡት ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እኔ ስደርስ አምስት ሊሆን ነበር። አስከሬኑ ከብረት ደረጃው ሥር ሸራ ላይ ተጋድሟል፤ የአየር ቆቡ ወልቆ አጠገቡ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ምሳ በልቶ ጋደም ያለ ሰው ይመስላል። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ሬሳ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቁስል ያለው ሬሳ ቢያንስ ከየት እንደሚጀመር ይጠቁማል፤ ይህኛው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ተኝቷል።

ቦታው የነዳጅ ማጣሪያ ነው። ሠራተኞቹ ጋኑ የሚሉት ሪአክተሩን ነው፤ ስድስት ፎቅ የሚያህል ወፍራም የብረት በርሜል፣ ውስጡ ሩዝ በሚያክል ጥቁር ፍሬ የተሞላ። ናፍጣው ከላይ ገብቶ በፍሬው መሃል ወደ ታች ሲወርድ ፍሬው ሰልፈሩንና ናይትሮጅኑን ይነጥቀዋል። ካታሊስት ይሉታል። በየሦስት ዓመቱ ይደክምና ይቀየራል። ክፋቱ፣ ያገለገለ ፍሬ አየር ሲነካው በራሱ ይነድዳል። ስለዚህ ሲከፈት እሳት እንዳይነሳ ጋኑን በናይትሮጅን ጋዝ ይሞሉታል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሰው ሁለት ጊዜ ከተነፈሰ ሦስተኛውን አያገኘውም። የሚወርደው ሰው ከውጭ በቱቦ አየር የሚላክለት ቆብ ያጠልቃል። የሟቹ ሥራ ይህ ነበር፤ ወራጅ ይሉታል። ከላይ የጋኑ አፍ ላይ ቆሞ ቱቦውንና የአየር ሲሊንደሮቹን የሚጠብቀው ደግሞ በረኛ ይባላል።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ የክፍሉ ኢንጂነር ነው። ሲናገር ከቃሉ ግራም የሚያጎድል ስለማይመስል ሠራተኞቹ ሚዛን የሚል ስም አውጥተውለታል። ቱቦው ታጥፎበት ይሆናል አለኝ፤ በረኛ ለአንድ አፍታ ሐሳቡ ከተበተነ እንዲህ ይሆናል፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ሰውየውን ወደድኩት። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

በረኛው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ እናት አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ፣ ለዚህ ባል የዳራትም እሱ። የሆነውን በአጭሩ ነገረኝ። ወራጁ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ወረደ። የመጀመሪያው ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል፣ አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ፣ እንደ ወትሮው ቫልቩን ወደ ሁለተኛው አዞረ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ገመዱን ቢነቀንቅ መልስ የለም። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"እጄ ነው ወይስ አይደለም? ሌላ ምንም አልፈልግም። እሱን ብቻ ንገሩኝ።"

እያሳዘነኝ ወደ ጣቢያ ወሰድኩት።

እስከ ማክሰኞ ማታ የተሰበሰበው ሁሉ በእሱ ላይ ነበር። ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ኦክስጅን አጥቶ ነው አለ። ቱቦው ሲፈተሽ ደህና ነው፤ አልተቀደደም፣ አልታጠፈም። ከጋኑ አፍ ላይ የተገኙት ሁለቱ ሲሊንደሮች ተመረመሩ፤ ሊያልቅ የደረሰው የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ንጹህ አየር የያዙ ናቸው። አየሩ ንጹህ፣ ቱቦው ደህና ከሆነ የሚቀረው አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋ እጅ ነው። በዚያ ላይ ሰኞ ዕለት በረኛው የእህቱን ባል ፋብሪካው በር ላይ ኮሌታውን አንቆ እንደነበር አራት ሰዎች አይተዋል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ከምሳ በፊት ስለ እሱ ክፉ የማያውቁት ሁሉ ከምሳ በኋላ ትዝ አላቸው።

የመምሪያው አለቃ መዝገቡ ዓርብ እንዲዘጋ አዘዘ። ዓርብ ማለት በረኛው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይከሰሳል ማለት ነው። ከባሰም ሆን ብሎ።

ለምን እንዳነቀው ጠየቅሁት። ተራው አልነበረም አለ። ማክሰኞ መውረድ የነበረበት ሌላ ወራጅ ነው፤ ሽቦ የሚሉት። የእህቱ ባል ተራውን ለምኖ ወሰደ። "ለምን?" ሲለው ዝም። "እኔ እንድጠብቅህ ከፈለግህ ምክንያቱን ንገረኝ" ሲለው ዝም። ዝምታው አናደደውና አነቀው። ሲነግረኝ አለቀሰ።

ሽቦን የሠራተኞች መታጠቢያ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ስሙ እንደሚለው ነው፣ በጎኑ ቢቆም አይታይም። በመጀመሪያ ተጠራጠርኩት፤ ከሞት የተረፈ ሰው ዓይኑን ከእኔ ሲያሸሽ አየሁ። ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ ስለው ሚስቱን ሐኪም ቤት እንዳደረሰ ነገረኝ፤ አብራኝ የምትሠራው ሳጅን ደውላ አረጋገጠች። ሰውየው የሚሸሸው በፍርሃት እንጂ በጥፋት አልነበረም። በእሱ ተራ ሰው ሞቷል፤ ማን አይፈራ።

"ሦስት ቀን ለመነኝ" አለኝ። "የሚቀጥሉትን ሁለት ተራዎችህን እኔ እወርድልሃለሁ አለኝ። እዚያ ምድጃ ውስጥ ለመግባት የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም ጌታዬ። ደግሞ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይረግጠው የላይኛውን መጀመሪያ እኔ ነኝ የምረግጠው ይል ነበር።"

ይህን ጽፌ ያዝኩ። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት ጭስ ተቀበለኝ። ሳጅኗ የመሳቢያዋን መያዣ በጨርቅ ይዛ ትጎትታለች። የመሥሪያ ቤታችን የእሳት ማጥፊያ ደግሞ እንደ አለቃችን ነው፤ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ሲፈለግ አይሠራም። በአንድ ጣሳ አሸዋ አጠፋነው። ነገሩ ሲጣራ፣ ከሟቹ የውስጥ ኪስ አንድ እፍኝ ጥቁር ፍሬ በላስቲክ ታስሮ ተገኝቶ ነበር። ላስቲኩ በዘይት ስለተጨማለቀ እሷ ፍሬውን ወደ ወረቀት ፖስታ ገልብጣ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። አየር ሲነካው በራሱ ይነድዳል የተባለውን ሁለታችንም ሰምተናል፤ ሁለታችንም ለጋኑ እንጂ ለመሳቢያ አላሰብነውም።

ልቆጣት አፌን ስከፍት አመዱን በእርሳስ እየበተነች ነበር።

"ጋሼ፣ ይዩት እስቲ። ጥቁር አስገብቼ ሰማያዊ አወጣሁ።"

እውነትም ከአመዱ መሃል ያሉት ፍሬዎች ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆነዋል።

የሟቹ ሚስት ቤት ሄድኩ። ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ተማሪዎች እያስጠናች ነው የምትኖረው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን የዚያው ማጣሪያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች። በሌላኛው ክፍል አማቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፤ እሱም እነሆ። የእኔን ሰላምታ በሰላምታ አልመለሰችም። "ይዛችሁታል አይደል፣ ልጄን የበላውን?" አለችኝ። የምራቷን ወንድም ማለቷ ነው። ምራቷ አንገቷን ደፋች።

ፍሬውን በነጭ ሳህን ላይ አደረግሁላት። አየችውና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"አረንጓዴ መሆን ነበረበት" አለች።

ከዚያ እንደ ተማሪዋ አስረዳችኝ። ፍሬው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኒኬል ያለበት ነው፣ አዲስ ሲሆን አረንጓዴ፤ ናይትሮጅን የሚያወጣው እሱ ነው። ሁለተኛው ኮባልት ያለበት ነው፣ አዲስ ሲሆን ሰማያዊ፤ ሰልፈር ላይ ይበረታል። ናይትሮጅኑ አስቀድሞ ካልወጣ የሰልፈሩን ሥራ ያደናቅፋል። ስለዚህ አረንጓዴው ከላይ፣ ሰማያዊው ከታች መሆን አለበት። ጋኑ ውስጥ ከተሞሉ በኋላ ሰልፈር ያበሏቸዋል፤ ሥራ የሚጀምሩትም ያኔ ነው። ያኔ ሁለቱም ከሰል ይመስላሉ። ሠራተኞቹ "ጠቆረ" ይላሉ።

"ከጠቆረ በኋላ የትኛው የት እንዳለ በዓይን ማንም አይለይም። ሰልፈሩ ተቃጥሎ ሲወጣ ግን ቀለሙ ይመለሳል። ይሄ ከላይ የተዘገነ ከሆነ ጋኑ የተሞላው ተገልብጦ ነው።"

ከሦስት ዓመት በፊት ጋኑ በአዲስ ፍሬ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ የናፍጣው ናይትሮጅን መሆን ከሚገባው ሦስት እጥፍ ሆኖ አገኘችው። ለሚዛን ነገረችው። ማሽንሽ ተበላሽቷል አላት። ማሽኑን አስጠግና ደግማ ለካች፤ ያው ነው። እንግዲያው የተበላሸሽው አንቺ ነሽ አላትና በብቃት ማነስ አሰናበታት። ከዚያ በኋላ የትኛውም ላብራቶሪ አልተቀበላትም። ባሏ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል አልተናገረም፤ ጋኑ የሚከፈትበትን ቀን ነበር የሚጠብቀው። የሚወጣው ፍሬ በርሜል ውስጥ ሲገባ ይቀላቀላል፤ ከተቀላቀለ በኋላ ላይና ታች የለም። ሊያስመሰክር የሚችለው ከሁሉ በፊት ወርዶ ከላይ አንድ እፍኝ የሚዘግን ሰው ብቻ ነው።

ለምን ማክሰኞ ዕለት አልነገርሽኝም አልኳት። ሳህኑን ወደ እኔ መልሳ ገፋችው። የደበቀችኝ ነገር እንዳለ ታወቀኝ፤ ግን ከጎን ያለችውን አሮጊት አይቼ አልገፋሁም።

ጣቢያ ስመለስ የበረኛውን ደብተር አወጣሁ። ያለ ደብተሩ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም እያሉ ይቀልዱበታል። ሲሊንደር በከፈተ ቁጥር ሰዓቱንና ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ይጽፋል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ጠባዩ ነው። የማክሰኞው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ሦስት ከሃያ፣ ቁጥር 118። አራት ከሁለት፣ ቁጥር 64።

እኛ ያስመረመርነው ሁለተኛው ሲሊንደር ግን ቁጥሩ 71 ነው።

ሳጅኗን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ንጹህ አየር የተገኘበት ሲሊንደር ወራጁ የተነፈሰበት አልነበረም። ሬሳው ሲወርድ ሁሉም ሰው ተከትሎ ወርዷል፤ ለደኅንነት ሲባል ላዩ ከሰው ይጽዳ ብሎ ያዘዘው፣ ከሁሉም በኋላ ብቻውን የወረደውም ሚዛን ነው። የባዶ ሲሊንደሮች መኪና ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ከግቢው ወጥቷል። ሳጅኗ መሙያ ጣቢያው ድረስ ሄደች። 64 ደርሶ፣ ተራግፎ፣ እንደገና አየር ተሞልቶ ለሌላ ደንበኛ ሄዷል። ማስረጃችን በነፋስ ተበትኗል ማለት ነው፤ ይህ አባባል አይደለም።

ሚዛን ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ጩኸቱ ድረስ ከመቆጣጠሪያ ክፍል አልወጣም። ዘጠኝ ሰው ይመሰክርለታል። ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ሰዓት ጠይቋል፣ ክንዱ ላይ ሰዓት አስሮ። በአምስት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ከሩብ ሰዓት በላይ ተቀምጦ እንደማያውቅ ግን አንዱ ኦፕሬተር ሳይጠየቅ ነገረን። ሲሊንደር አስቀድሞ በናይትሮጅን ለሞላ ሰው የት እንደተቀመጠ ምን ያደርግለታል? ዓመቱን ሙሉ የሚሠራበት የሙከራ ክፍል ውስጥ ናይትሮጅን መሙያ አለው። ይህን ሁሉ አውቀን የምናሳየው ነገር ግን አልነበረንም፤ ያለን አንድ የደብተር ገጽና ሰማያዊ አመድ ነው። ሐሙስ ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ሚዛን ቢሮ ገባን። ሳጅኗ ሲሊንደር በጋሪ እየገፋች ነው፣ ከነቆቡ። ቁጥሩ በጉልህ ይታያል፤ 64።

መኪናው ሳይራገፍ እንደደረስንበት ነገርኩት። ወደ ላብራቶሪ መላክ ነዋ አለኝ፣ ድምፁ ሳይናወጥ።

"ላብራቶሪው እስከ ሰኞ ይቆያል፤ አለቃዬ ደግሞ ዓርብ ይለኛል። እርስዎ አየር ነው ብለው ፈርመውበታል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ይተንፍሱበት፤ እኔም በረኛውን አስከስሼ እገላገላለሁ።"

ቆቡን ተቀበለኝ። እስከ አገጩ አነሳው። ሳጅኗ ቫልቩን ከፈተች፤ የአየሩ ሹክሹክታ ተሰማ። እጁ እዚያው ቀረ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እየቆጠርኩ ነበር፤ አርባ ሰከንድ ሆነ። ከዚያ ቆቡን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አልችልም።"

"ለምን?"

"አየር አይደለም።"

ሳጅኗ ቆቡን አንስታ አጠለቀችና ረዥም ትንፋሽ ወሰደች፤ ደግማም ወሰደች። ከዚያ አወለቀችው። ሲሊንደሩ ከራሳቸው መጋዘን የተወሰደ ንጹህ አየር ነው፤ ቁጥሩን ጠዋት በቀለም የጻፈችው እሷ ናት። ሚዛን ቁጥሩን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሲናገር ስለ ሲሊንደሩ አልጀመረም። ከመሳቢያው የሦስት ዓመት ወረቀት አወጣ፤ የአሞላሉ ትእዛዝ ነው፣ በእጁ ጽሑፍ። "መጀመሪያ አረንጓዴው፣ ቀጥሎ ሰማያዊው" ይላል። በእሱ ሐሳብ መጀመሪያ ማለት ናፍጣው መጀመሪያ የሚያገኘው ነው፤ ናፍጣው ከላይ ይገባልና የላይኛው ማለቱ ነው። በርሜል ተሸክሞ ለሚገለብጥ ሰው ግን መጀመሪያ ማለት መጀመሪያ የሚገለበጠው ነው፤ መጀመሪያ የተገለበጠው ደግሞ ከታች ይቀራል። የመጨረሻዎቹ ሰማያዊ በርሜሎች ሲገለበጡ ደረሰ። ያኔ አንድ ቃል ቢናገር ጋኑ ተራግፎ ይሞላ ነበር፤ ሦስት ሳምንትና አንድ ውርደት።

"በሁለት ቀን ይጠቁራል፤ ከጠቆረ በኋላ ማን ያውቃል አልኩ" አለኝ። "ከዚያ እሷ ቁጥር እየያዘች ትመጣብኝ ጀመር። እሷን ካባረርኩ በኋላ መመለሻ አልነበረም።"

ሰውየው ከላይ እንደሚዘግን በምን አወቅህ አልኩት። አንተ ማለቴ እኔንም ገረመኝ። ነገረኝ። ጻፍኩት።

ዓርብ ጠዋት በረኛው ተፈታ። እህቱ ልትወስደው መጥታ ከፊቴ ተቀምጣለች፣ በእሱና በእሷ መሃል አንድ ባዶ ወንበር ትተው። ሚዛን እንደተያዘና ምን እንዳደረገ ነገርኳቸው። በረኛው እስከ መጨረሻው ሰማኝና ያንኑ ጥያቄውን ጠየቀኝ። ልዋሸው አልፈለግሁም።

"ቫልቩን ያዞሩት እርስዎ ነዎት። የሞላው እሱ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ማንም ቢሆን ያዞረው ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ተደገፈ። ወዲያው ግን ግንባሩን ቋጠረ።

"ሚዛን ግን በምን አወቀ? አብሬው የምሠራው እኔ እንኳ አላወቅሁም።"

ለዚህ የሚሆን ውሸት አዘጋጅቼ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ ሰምቶ ነው ልል ጀምሬ፣ እሷ ወደ ወንድሟ ዞራ ቀደመችኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

ከሁለት ሳምንት በፊት መድኃኒት ቤት ወረፋ ላይ ተገናኙ። ሚዛን ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም አላት፤ ከዚያም ሥራ አገኘሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ተቃጠለች። ጋኑ የሚከፈት ዕለት ባሌ ይወርዳል፣ ከላይ አንድ እፍኝ ይዞልኝ ይመጣል፣ ያኔ የተበላሸው ማሽኑ ይሁን ሰውየው እናያለን አለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቤቷ ስትደርስ ለባሏ ልትነግረው አሰበች፤ ይቆጣኛል ብላ ተወችው።

እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ነበር የምትናገረው፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። እኔ ጠረጴዛዬን አየሁ። በሥራዬ ብዙ ሰው ሲናዘዝ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ዕለት ጆሮዬ ባልሰማ ብዬ ግን አላውቅም።

በረኛው በመሃላቸው ወዳለው ባዶ ወንበር ተሻገረ።

"ለእናቱ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"አትንገሪያት። ለሚዛን ያመለጠኝ እኔ ነኝ በያት። በር ላይ ስንጣላ ተናድጄ፣ ሄጄ ነገርኩበት በያት።"

"ጋሼ፣ አንተ እኮ ምንም አላደረግህም። አሁን ነገሩህ እኮ።"

"ነገሩኝ። እኔ አውቄዋለሁ፤ ይበቃኛል።" ደብተሩን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳና ኪሱ ከተተ። "እሷ እኔን ብትጠላኝ ሌላ ቤት አለኝ። አንቺ ግን ከእሷ ጋር ነው የምትኖሪው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ አሮጊቷ ማንበብ እንደማትችል ነገረኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ መዝገቡ እውነቱን ይያዝ፣ ለእሷ ግን ማንም አያንብብላት ነው። የተፈታበትን ወረቀት አስፈረምኩት፤ እህቱን ክንዷን ይዞ አስነሳትና ወጡ።